ያላበው ግድግዳ

ጀሶ በአማቱ አልጋ ጠርዝ ላይ በአንድ ጎኑ ተቀምጦ ስቱኮ ይመርጋል። በግራ እጁ የጣውላ ቁራጭ ይዟል፤ ከጣውላው ላይ በስፓቱላ ቆረስ ያደርግና ግድግዳው ላይ ያሳርፈዋል፤ ከዚያ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ደግሞ ወደ ጎን ይስበዋል፤ የተረፈውን በስፓቱላው አፍ ሰብስቦ ወደ ጣውላው ይመልሰዋል። አንዲት ጠብታ አልጋው ላይ አትወድቅም። ቢሆንም ለጥንቃቄ ብሎ በአማቱ ብርድ ልብስ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቷል። እሳቸው ከጋዜጣው በላይ ፊታቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ያዩታል።

«ለዚህ ግድግዳ ከኔ ይልቅ አደላህ» አሉ። «እኔን እንዲህ አድርጎ የኳለኝ ሰው የለም።»

«እርስዎማ ምን ኩል ያስፈልግዎታል እማማ? እንዲሁም ያበራሉ።»

«ወሬኛ! ቀለም ቀቢ ሁሉ ውሸታም ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። አማትና አማች እንዲህ የሚሳሳቁበት ቤት ብዙ አይደለም።

ጀሶ የወጣለት ስም ነው። ቀለም ቀቢ በመሆኑ ጆሮው ሥርና ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ነጭ ነገር አይጠፋውም፤ ታጥቦ ለብሶ ለሠርግ ሲሄድ እንኳ አንድ ቦታ ላይ ይገኝበታል። አብዛኛው ሥራው ከቤት አከራዮች ነበር። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው ሳይገባ ይጠሩታል። ግድግዳው ላይ ውሃ የሠራው ቡናማ ካርታ ይኖራል፤ እሱ ያንን ይፍቃል፣ ስቱኮ ይመርጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ካርታው እንደገና ወጥቶ እንዳያሳፍር ደግሞ ከሥሩ አንድ ዙር የዘይት ቀለም ያለብሰዋል፤ የዘይት ቀለም ውሃን አያሳልፍማ። ከዚያ በላይ የፈለጉትን ቀለም ይቀባል። ተከራዩ ሲገባ ቤቱ አዲስ ነው። ውሃው ከየት እንደመጣ ጀሶን የጠየቀው የለም፤ እሱም አይጠይቅም። ሥራው መቀባት ነው።

አማቱ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከጓዳው ክፍል ወጥተው አያውቁም። የምትሠራላቸው ቀኝ እጃቸው ብቻ ናት። በእሷ ይበላሉ፣ በእሷ ያማትባሉ፣ በእሷ ልጃቸውን ይቆነጥጣሉ። ቀኝ ጎናቸው ወደ ግድግዳው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ሲዳብሱ ይውላሉ። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ እንጨቱ ቆሞ በማገር ተጠላልፎ በጭቃ የተመረገ፣ ከላዩ በኖራና በቀለም ያማረ። ጀሶ ሲያገባ ከአባቱ የወረሰው ነው።

በዚያ ቤት የጎደለው ነገር ውሃ ነበር። ሚስቱ ከቁልቁለቱ ሥር ካለው ቧንቧ በጀሪካን ታመላልስ ነበር። አልጋ ላይ ያለ ሰው ውሃ ይፈልጋል፤ አንሶላው ይታጠባል፣ ገላው ይታጠባል፣ ወለሉ ይታጠባል። አንድ ቀን ጀሪካን እንደተሸከመች አቀበቱ መሐል ወገቧ ቀጥ አለ። ሰዎች ደግፈው አመጧት። ከዚያ ወዲህ ጫማዋን እንኳ ጎንበስ ብላ አታስርም፤ ጀሶ ነው የሚያስርላት።

ስለዚህ ከዚያ ቧንቧ እስከ ግቢው መስመር አስቀጠለና ታንከር ገዛ። ጥቁር፣ ከሰው የሚረዝም፣ ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ ታንከር። ውሃ በቧንቧው በመጣ ቀን ሞልቶ ይቀመጣል፤ በሌላው ቀን ከላይ ወደ ታች ይለቃል። ከፍ ባለ መጠን ግፊቱ ይበረታል ብለውት በጓዳው ክፍል ማዕዘን ላይ ሊያቆመው ወሰነ። መታጠቢያውም ከዚያው ጎን ስለሆነ ቧንቧው አጭር ይሆናል። መቆሚያውን ከራሱ ዕቃ ሠራው። ቆሞ የሚቀባባቸውን የመወጣጫ አጣናዎች አመጣና አንድ ጫፋቸውን ግድግዳው ራስ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ውጭ በተከላቸው ሁለት እንጨቶች ላይ አጋደማቸው።

የሚስቱ ያጎት ልጅ ግንበኛ ነው። በአጥር አጠገብ ሲያልፍ አይቶ ቆመ።

«ምን ላይ ነው ያስቀመጥከው አንተ?»

«ግድግዳው ላይ ነዋ።»

«ግድግዳው ቆርቆሮ ሊሸከም ነው የተሠራው። ሐይቅ ሊሸከም አይደለም።»

«እኔን ስንት ዘመን የተሸከመኝ አጣና ነው እኮ!»

«አንተ ማታ ማታ ትወርዳለህ። ውሃው አይወርድም።»

«በቧንቧ ይወርዳላ!» አለ ጀሶ። ታንከሩን ሊያግዙት የመጡት ጎረቤቶች በሳቅ ፈነዱ። ግንበኛውም ሳቀና መንገዱን ቀጠለ።

የመጀመሪያው ቀን ሚስቱ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። በትንሽ ጎማ እየሳበች እስከ እናቷ አልጋ ድረስ አመጣችውና ሳፋ አስገብታ እግራቸውን ታጥብ ጀመር። አሮጊቷ «ቀስ! ልታሰምጪኝ ነው እንዴ!» እያሉ ይስቃሉ፤ ልጃቸው ትስቃለች፤ ጀሶ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ለወንዝ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ።

ታንከሩ ሲሞላ ትርፉ የሚወጣባት ማፍሰሻ ነበረችው። ቧንቧዋ አጭር ስለሆነች ውሃውን ከግድግዳው አርቃ አትጥለውም፤ በግድግዳው ላይ እያላሰች ታወርደዋለች። መጀመሪያ በማዕዘኑ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ነገር ታየ። ቀጥሎ ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ውሃ ቋጠረ፤ ሲነኩት ይፈነዳል። ከዚያ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ጨው ከግድግዳው ወጣ። ክፍሉ እርጥብ ጆንያ ጆንያ ይሸት ጀመር። የጓዳው በር ሲዘጋ ወለሉን መፋቅ አመጣ፤ ጀሶ የበሩን ሥር በመላጊያ ላጠለትና ተወው። አማቱን ደግሞ ሳል ያዛቸው።

«ግድግዳው ያልበዋል» አሉ አንድ ቀን።

«ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው እማማ።»

«ቀዝቃዛ ሰው ያልበዋል እንዴ? ስማ።» በጣታቸው አንጓ መቱት። በፊት ድም ይል የነበረው ቦታ ቦፍ አለ። «ሆዱ ባዶ ነው።»

እሱ የሚያውቀውን አደረገ። ፋቀው፣ መረገው፣ ቀባው። ካርታው ተመልሶ መጣ። ደግሞ ቀባው። ደግሞ መጣ። በመጨረሻ፣ ያን በጋዜጣ አልብሷቸው የመረገ ዕለት፣ ስቱኮው ሲደርቅ ለአከራዮቹ የሚያደርገውን ለራሱም አደረገ። ከላይ እስከ ታች በዘይት ቀለም ደፈነው።

ግድግዳው እንደ መስታወት አበራ። ካርታውም አልተመለሰም። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጭና «የሙሽራ ክፍል አስመሰልከው!» አለች። አሮጊቷ ግን መዳፋቸውን ለጥፈው ብዙ ቆዩ።

«ላቡን ዋጠው እንጂ አልደረቀም» አሉ።

ክረምቱ ሲቃረብ አንዲት አከራይ ጠራችው። ቤቱ ቀድሞ እሱ የቀባው ነው። ተከራዮቹ ሸቷቸው ወጥተዋል። ጀሶ ስፓቱላውን በቀለሙ ጠርዝ ሥር አስገብቶ ሳብ ቢያደርገው ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ ሳይሆን እንደ ቆዳ ሙሉውን ተገፎ መጣ። ከበስተጀርባው ያለው ጭቃ ትናንት የተቦካ ይመስል ነበር። ማገሩን ቢይዘው በእጁ ውስጥ ተፈረፈረ። በእጁ የያዘውን ቆዳ ገልብጦ አየው። የራሱ ቀለም ነበር፤ አቀባቡን ያውቀዋል፤ ወደ ላይ አንዴ፣ ወደ ጎን አንዴ።

«ምነው ደነገጥክ?» አለች አከራይቱ። «እንደ በፊቱ አድርገህ ሸፍነው እንጂ።»

ዕቃውን እዚያው ጥሎ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ሚስቱ ገበያ ነበረች። ከውጭ በኩል ዞሮ በማዕዘኑ ሥር ተንበረከከና የኪስ ቢላውን በቋሚው እንጨት ላይ ጫን አደረገው። በበሰለ ድንች ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ቀና ብሎ አየ። አጣናዎቹ መሐላቸው ጎብጧል፤ ታንከሩም ወደ ውጭ ዘመም ብሏል፤ በየቀኑ እያየው እንዴት እንዳላየው ገረመው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ይህ የሞላ ጊዜ አሥር ኩንታል ነው፤ ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ። ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ አማቱ አልጋ ራስጌ ላይ ከምሮ ነው የሚያድረው።

ቧንቧውን ከፍቶ ውሃውን ወደ ቦዩ መልቀቅ ጀመረ። ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ግቢው ጎርፏል።

«አበድክ እንዴ አንተ ሰውዬ! ውሃ እኮ ነው!»

«ልጠበው ብዬ ነው። ውስጡ ዝቃጭ አለው።»

ይህን ብሎ ቧንቧውን ዘጋላት። ሌላውን ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። ግን የግድግዳውን መበስበስ ሊነግራት ሲል የሙሽራ ክፍል ያለችው ትዝ አለው።

ማታውኑ እራት ላይ «እማማን ወደ ሳሎን ብናወጣቸው፣ አየር ያገኛሉ» ብሎ ሞከረ።

«ሳሎን ምን ላይ ነው የማጥባት? ሊሾውና የውሃ መውረጃው ያለው ጓዳ ነው። ውሃ ልሸከምላት? በየትኛው ወገቤ?»

ጀሶ ወደ እራቱ ተመለሰ።

በማግስቱ ግንበኛውን ሥራው ላይ ሄዶ አገኘውና ሁሉንም ነገረው። ለእሱ መንገር አልከበደውም። ግንበኛው የሲሚንቶ እጁን በሱሪው ላይ እየጠረገ ሰማው፤ አልሳቀም።

«ዛሬውኑ አስወርደው» አለ። «አራት የብረት እግር ያስፈልገዋል፤ እግሮቹ መሬት ላይ፣ በኮንክሪት ላይ የሚቆሙ። መሐል መሐሉን በሰያፍ ብረት ይታሰራል። የታንከሩ መቀመጫ ሙሉ በሙሉ ጣውላ ላይ ይረፍ፤ ጠርዙ እንዳይንጠለጠል። ግድግዳውን ጭራሽ አይንካው። ማፍሰሻውን አስረዝመህ ቦይ ውስጥ ጨምረው። ግድግዳውን ደግሞ ግፈፈውና ይድረቅ፤ የበሰበሰውን እንቀይራለን። አደራ፣ እንዳትቀባው።»

«እሺ።»

«በያጁ ጋ ደንበኛ ሳይወስደው የቀረ ዝግጁ መቆሚያ አለ። ሂድና ንገረው፤ ግድግዳውን መጥቶ ይየው፤ እኔም እመጣለሁ። ለሚስትህም ንገራት። ሳይቃጠል በቅጠል።»

«እሺ» አለ ጀሶ።

በበነጋው ጠዋት ነገራት። የነገራት ግን ግማሹን ነው። «መቆሚያውን በብረት ልቀይረው አስቤያለሁ።»

ፊቷ ፈካ። «እሰይ! ከፍ ይላላ! ግፊቱም ይጨምራል። በል ሂድ፣ ቶሎ ጥራው። እኔ ዛሬ ውሃ ስለሚመጣ ልሙላውና ልጠብቅ፤ በሥራው መሐል ውሃ አጥተን እንዳንቀር።»

«ግማሽ ብቻ ሙዪው።»

«ግማሽ ምን ያደርግልኛል? አንሶላ አለኝ።»

እዚያ ላይ ነበር መናገር የነበረበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አጎንብሶ የጫማዋን ክር አሰረላትና ወጣ።

የበያጁ ቤት መንገዱ መታጠፊያ ላይ ነው። በሩ ላይ ያ መቆሚያ ተደግፎ ቆሟል፤ አራት እግሩ ደልደል ያለ፣ ጥሩ ሥራ። በያጁ ጭምብሉን ደፍቶ ብረት ላይ አጎንብሷል፤ ብልጭታው እግሩ ሥር ይረግፋል። ጀሶ ጭምብሉን እስኪያነሳ ልጠብቅ ብሎ ቆመ። በያጁ ደግ ሰው ነው፤ አፉ ግን በር የለውም። እንደቆመ ሊመጣ ያለው ነገር በዓይኑ ላይ መጣበት፤ በያጁ ጓዳ ሲገባ፣ ግድግዳውን በቡጢው ሲመታ፣ ሚስቱና አማቱ ባሉበት «ይኼን በዘይት ቀለም ያፈነው የቱ የተረገመ ነው?» ብሎ ሲጮህ። ከዚያ የሚስቱ ዓይን ወደ እሱ ሲዞር።

ከሰዓት እመለሳለሁ አለ በልቡ። እስከዚያ እኔው ቀድሜ እነግራታለሁ። በያጁ ጭምብሉን ሳያነሳ እሱ ታጠፈ።

ትቶት የመጣውን ዕቃ ሊያነሳ አከራይቱ ቤት ሄደ። ብሩሾቹን አጠበ፤ ከመታጠብ በላይ አጠባቸው፤ አንድ በአንድ ጸጉራቸውን አበጠረ። ዝናብ ያዘውና ቆርቆሮ ሥር ተጠለለ። ሲያባራ ወደ በያጁ ሳይሆን ወደ ቤቱ ሄደ፤ መጀመሪያ ልንገራት ብሎ።

በራቸው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጎረቤቷ አየችውና ነጠላዋን በአፏ ያዘች።

ማዕዘኑ የለም። ቋሚው ከሥሩ ተቆርጦ ወደ ውጭ ሄዷል፤ ታንከሩ ግቢው መሐል በጎኑ ወድቆ የቀረው ውሃ ከአፉ እየተንቆረቆረ ይወርዳል። የጣራው ቆርቆሮ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አማቱ ግድግዳ በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ሰማይ እያያቸው፣ አልጋቸው ላይ ናቸው። ጸጉራቸው ጭቃ ነው። በሕይወት አሉ። ልጃቸው አልጋው ላይ ተደፍታ አቅፋቸዋለች። ሲዳብሱት በዋሉት ግድግዳ በኩል አንዱ አጣና በእጃቸው ላይ ወድቆ ነበር። ሰዎች አንስተውታል። የምትሠራው እጅ ናት።

ጭቃው ረግፎ ያለቀበት ቦታ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የዘይት ቀለሙ። እንደ መጋረጃ ሆኖ ከላይ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይወዛወዛል፤ በአንድ ጎኑ ነጭ፣ የሚያበራ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ተነስታ በሁለት ጣቷ ያዘችው። ቀስ ብላ ገለበጠችው።

«ግድግዳ አልነበረም?» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ይኼ ብቻ ነበር?»

«ልነግርሽ ነበር» አለ።

«መቼ?»



ሐኪሞቹ የአማቱን እጅ በጀሶ አሰሩት፤ በዚያው የእሱ ስም በወጣበት ነገር። ሲፈታ ጣቶቻቸው አልተመለሱም። በዕድሜያቸው አይጠገንም ተባለ። ከሐኪም ቤት ሲወጡ የሚገቡበት ክፍል ስላልነበረ ታላቅ ልጃቸው መጥታ ወደ ራሷ ቤት ልትወስዳቸው ሆነ፤ የጀሶ ሚስትም አብራ ልትሄድ። አሁን የሚያጎርሳቸው ሰው ያስፈልጋል።

መኪናው ላይ ሲያስተኛቸው አሮጊቷ ዓይናቸውን ከፍተው አዩት።

«አቶ ጀሶ» አሉ፣ «እኔንም አንድ ዙር ቀባኝና ልሂድ።»

ሊስቅ ሞከረ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሳሉ ያዛቸው።

ሚስቱ የመኪናውን በር ይዛ ቆመች። የጫማዋ ክር ተፈትቷል። ሊያስርላት ጎንበስ ሲል እግሯን ሰበሰበች።

«መቆሚያውን አሠራ» አለችው። «ክፍሉንም ያጎቴ ልጅ ይጠግንልሃል። ውሃ ያለበት ቤት ካለ ምናልባት እናመጣት ይሆናል።» ምናልባት ስትል ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች።

ክረምቱ ገባ። ግንበኛው እንጨት ቆርጦ መጣ፤ ጀሶ «ትንሽ ይድረቅ» እያለ መለሰው፤ በክረምት የሚደርቅ ነገር የለም። አከራዮቹ ሲጠሩት አልሄድም ይላል፤ ሌላ ቀለም ቀቢ አገኙ። ታንከሩ ግቢው ውስጥ እንደወደቀ ነው፤ ወደ ላይ በዞረው ጎኑ በተሰነጠቀው በኩል ዝናብ እየገባ ግማሽ ድረስ ይሞላል። በጆንያና በላስቲክ ከጋረደው የጓዳው ማዕዘን ክፍተት መሐል ባዶው አልጋ ይታያል። ከታላቅ እህትየው ቤት የሚመጣው ወሬ አንድ ነው፤ ሳሉ ብሷል፣ ምግብ እምቢ ብለዋል።

አንድ ቀን በያጁ ራሱ መጣ። ግቢውን አየ፣ ማዕዘኑን አየ፤ ያ በር የለሽ አፉ ምንም አልተናገረም። የሚፈራው ጩኸት አልመጣም። ይህ ከጩኸቱ ይልቅ ከበደው።

«መቆሚያው እኔ ጋ ቆሟል» አለ በያጁ በመጨረሻ። «ዝገት እየበላው ነው። ነገ ና፣ በጋሪ እናምጣው። ግንበኛው ነግሮኝ ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም።»

«ነገ እመጣለሁ» አለ ጀሶ።

በማግስቱ ተነሳ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ጫማውን አደረገ። እስከ መታጠፊያው ሄደ። መቆሚያው በሩ ላይ ተደግፏል፤ እግሮቹ ቀይ ቡናማ ሆነዋል። በያጁ ጭምብሉን ደፍቶ አጎንብሷል፤ ብልጭታው ይረግፋል። ጀሶ መንገዱ ማዶ ቆሞ ጭምብሉን እስኪያነሳ ጠበቀ። በያጁ አነሳው፣ ላቡን ጠረገ፣ ግራና ቀኝ አየ። ጀሶ ከአንድ ዛፍ ጀርባ ነበር። በያጁ ጭምብሉን መልሶ ደፋው።

ለማን ብዬ ነው የማቆመው አለ ጀሶ በልቡ። ወደ ቤቱ ተመለሰ። መቆሚያው እስካሁን እዚያው በሩ ላይ ነው።